ሁለት ማንኪያ ግራዋ

ጋምቤላ አቶ ከተማን የሚያውቀው በመብላቱ ነበር፤ የሞተው ግን ባዶ ሆዱን ነው።

ክልሉ ገና ቢሮና ወንበር እየተከፋፈለ በነበረበት በ1988 ዓ.ም.፣ የሐዋርያት ጾም በገባበት ሰኞ፣ ከሥራ ቦታው «ራሴን አዞረኝ» ብሎ ገብቶ ጋደም አለ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሚስቱ የትናየት ልትቀሰቅሰው ብትገባ ነፍሱ ወጥታለች። መርማሪ አኳይ ሲደርስ ሰፈርተኛው ግቢውን ሞልቶታል፤ ከጠዋት ጀምሮ የጣለው ዝናብም አላባራም።

አኳይ የአኙዋ ልጅ ነው። አማርኛን የለመደው ተማሪ ቤት ስለሆነ ቃል እየመረጠ ቀስ ብሎ ይናገራል። ይህን አይተው የናቁት ሰዎች ኋላ ጣታቸውን ነክሰዋል። ጎንበስ ብሎ የሟቹን ሸሚዝና ፍራሹን ዳሰሰ፤ ሁለቱም በላብ ርሰዋል። በዚህ ብርድ ቀን ይህን ያህል ላብ ከየት መጣ አለ በልቡ።

«ምን ትመራመራለህ?» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም ያዕቆብ። ለጾሙ ቅበላ ብሎ ከአቦቦ የመጣ እንግዳ ነው። «ወንድሜ የስኳር በሽተኛ ነው። በየማታው መራራ ዱቄት በጥብጣ የምታጠጣው እሷ ናት። እንደ እህቴ ነበር ያመንኳት፤ ወንድሜን በላችው።»

የትናየት ቀና አላለችም። «የግራዋ ቅጠል ነው» አለች። «ስኳሩን ያወርድለታል። ከፋሲካ ወዲህ ሃምሳውን ቀን ሥጋውንም ጠላውንም እንደልቡ ሲል ምንም አልነካውም።»

«ከወንድምዎ ከሩፋኤል የገዛችሁት ነው?» አለ አኳይ። ሩፋኤል ገበያው አጠገብ መድኃኒት ቤት አለው። «እንደልብህ ብላ፣ አትስጋ» እያለ የሚሸጠው የግራዋ ዱቄት በከተማው ስም ያወጣ ነው።

«አይደለም» አለች ቶሎ ብላ። «ራሴ ነኝ የወቀጥኩት።»

አኳይ ጓዳ ገባና ሙቀጫውን በጣቱ ጠርጎ ቀመሰ። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት። ግራዋ የነካው ሙቀጫ ሳምንቱን ሙሉ ይመራል። ሴትዮዋ ዋሽታለች ማለት ነው። ግን የገደለ ሰው ከራሱ ላይ ለማውረድ ይዋሻል እንጂ፣ እንዴት ብሎ በራሱ ላይ ለመጫን ይዋሻል? ነገሩ አልዋጥልህ አለው።

አለቃው ግን ዋጠው። «ዱቄቱ የእሷ መሆኑን አምናለች። ሐሙስ ወህኒ ትግባ፣ አለቀ» አለው።

ማክሰኞ፣ ከቀብር መልስ፣ አኳይ ሩፋኤል ዘንድ ሄደ። ሩፋኤል ዓይኑ አልቅሶ አብጧል። «ቅጠል ሰው አይገድልም» አለና ከባንኮኒው ሥር ቆርቆሮውን አወጣ። በደንበኞቹ ፊት ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አንድ ማንኪያ ዝቆ ዋጠ። «ይኸው። እኔ በየቀኑ እወስዳለሁ።»

አኳይ ከዚያው ቆርቆሮ ጥቂት ቆንጥሮ በወረቀት ጠቀለለ።

ያዕቆብ ደግሞ ንዴቱ አልበረደለትም። «እሁድ ማታ ቅበላ በላን። ከተማ ከዚያ በፊት ሦስት ቤት ዞሮ በልቶ ነው የመጣው። አብሮን ይበላ የነበረውን ሩፋኤልን ‹ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ዱቄቱን ልተወው?› አለው። እሱም ‹ቅጠል ነው፣ ምን ይሆናል? እንዲያውም የዛሬውን ለማውረድ ሁለት ማንኪያ ውሰድ› አለው። እሷ ናት በጥብጣ የሰጠችው። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሰኞ ጠዋትስ እንዴት ነበር?»

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔን ወንድሙን ማን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የማታው ጠላ ነው ብዬ ሳቅኩበት።» ያዕቆብ ፊቱን አዞረ።

አኳይ መጨረሻ ያነጋገራት ዓሣ ነጋዴዋን ጎረቤት ኛዳክን ነበር። «እኔም ከሩፋኤል ገዝቼ ነበር» አለች። «አንድ ቀን ቁርስ ሳልበላ ጠጣሁት። ላብ በላብ ሆንኩ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጄ ስኳር የበዛበት ሻይ ስታጠጣኝ ነው የነቃሁት። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም፤ ያው እዚያ አለ።»

ረቡዕ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ አኳይ አራቱን ድንኳኑ ውስጥ አስቀመጣቸው። ሦስት ብርጭቆ ውኃ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ።

«አቶ ከተማ ስኳሩ ጨምሮ ቢሆን ኖሮ ሽንትና ጥማት ያስቸግረው ነበር» አለ። «ነርስ ጠይቄያለሁ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የአእምሮ መሳት፣ ይህ ስኳር ሲወርድ ነው። እየበላ በነበረበት ሃምሳ ቀን ተቋቋመው። በጾሙ ቀን ግን የሚወርደውን የሚተካ እህል ሆዱ ውስጥ አልነበረም። ኛዳክም ላይ የሆነው ይኸው ነው።»

የመጀመሪያው ብርጭቆ ውስጥ ከዚህ ቤት የተገኘውን ዱቄት፣ ሁለተኛው ውስጥ የኛዳክን ጨመረ። አረንጓዴው ተንሳፈፈ። ከሁለቱም ሥር ነጭ ነገር ዘቀጠ።

«የተፈጨ የስኳር በሽታ ክኒን» አለ አኳይ። «ወይዘሮ የትናየት ጨምራው ቢሆን ኛዳክ ቤት ምን ያደርጋል? የኛዳክ ከሩፋኤል እጅ በቀጥታ የመጣ ነው።»

«ፋብሪካው ውስጥ...» ብሎ ጀመረ ሩፋኤል።

«ግራዋ ፋብሪካ የለውም። ምናልባት ሳያውቅ ተቀላቅሎበት ይሆን ብዬ ነበር።» ሦስተኛው ብርጭቆ ውስጥ ሩፋኤል ራሱ ከሚወስደው ቆርቆሮ የቆነጠረውን ጨመረ። ውኃው ሥሩ ድረስ ጥርት ያለ ነው። «ለራስዎ ባዶ ቅጠል፣ ለሰው ክኒን። ለይተው አስቀምጠዋል። እሁድ ‹ተወው› ቢሉት ‹ቅጠል ከሆነ ለምን?› ይባላል። ስለዚህ ሁለት ማንኪያ አሉት።»

አኳይ ወደ የትናየት ዞረ። «ሙቀጫዎ ግራዋ አያውቅም። ማንን ነው የሸፈኑት?»

የትናየት ዓይኗን ከሦስተኛው ብርጭቆ አላነሳችም። «አስከሬኑ ሳይነሳ ጓዳ ጠራኝ» አለች። «‹ራሴ ወቀጥኩት በያቸው፤ ስሜ ከተነሳ ሱቄን ያሽጉታል፤ አንቺን ማን ይጠረጥራል?› አለኝ። እናታችን ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር። አዝዬ ነው ያሳደግኩት። አመንኩት።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሐሙስ ወህኒ ልገባ እንደሆነ ሰምተሃል። ማታ መጥተህ ከእኔ ጋር አልቅሰህ ሄድክ። ያን ጊዜ እንኳ አልተናገርክም።»

«ቅጠሉ ብቻውን አልሠራ አለ፣ እትዬ» አለ ሩፋኤል አንገቱን ደፍቶ። «ሰው ሁሉ ስሜን ሲጠራ... ይሞታል ብዬ አላሰብኩም።»

«ባሌን ተወው፤ እኔስ?» አለች የትናየት።

ያዕቆብ ተነስቶ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል በእጇ ከለከለችው፤ የእሱ ክስ ከወንድሟ ዝምታ ጋር ሲተያይ ምኗም አልነበረም።

አኳይ ሩፋኤልን ክንዱን ያዘው። ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ ሩፋኤል ዞር አለ።

«እትዬ፣ እዚህ አገር ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም። ስንቅስ ማን ያመጣልኛል?»

የትናየት ጥቁር ነጠላዋን አስተካከለች።

«አመጣልሃለሁ» አለች። «በየቀኑ አመጣለሁ። ለዘበኛው ሰጥቼ እመለሳለሁ። ድምፄን ብትሰማ እንኳ እንዳትጠራኝ።»