ጀርባውን ለፀሐይ የሰጠው ሰው

የፎቶ አንሺው የስታማቲስ አስከሬን ከባሕሩ ዳር ገደል ሥር፣ ነጭ ድንጋይ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። ካሜራው አንገቱ ላይ እንዳለ ተሰባብሯል። የጥላ ፎቶ በማንሳት በግሪኳ ሌፍካዳ ደሴት እሱን የሚያህል አልነበረም። ሰውን ጀርባውን ለምትጠልቅ ፀሐይ አሰጥቶ ከፊት ያነሳዋል፤ መልኩ ይጠፋና ቅርጹ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

መርማሪዋ ፖሊክሴኒ ለወሬ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። መጀመሪያ የሟቹን ሸሚዝ አየች። ደረቱና ሆዱ ላይ ደረቅ ሣርና እሾህ ተሰክቷል። ከገደሉ ሥር ደግሞ ሣር የሚባል ነገር የለም።

ያን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ አብረውት የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ሚስቱ ቴክላ፣ ፎቶ የሚያስተምራት ልጅ ኦርሳና አበልጁ ጌራሲሞስ። ጌራሲሞስ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ የሟቹን ሴት ልጅ ክርስትና አንስቷል፣ ለፋሲካ ሻማዋን ሳይገዛላት ቀርቶ አያውቅም።

«እኔ መንገዱ ዳር ሲጋራ እያጨስኩ ነበር» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ይቺ ልጅ ካፖርቷን ለብሳ ጫፉ ላይ ቆማለች። እሱ ያነሳታል። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ሲል... ጮህኩ፤ አልሰማኝም።»

«ውሸት ነው!» አለች ኦርሳ። «ጋሼ፣ ምነው? እግሬን እሾህ ወግቶኝ ካፖርቱን ቁጥቋጦው ላይ ትቼ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነበር እኮ!»

«ማን አየሽ?» አለቻት ፖሊክሴኒ።

«ማንም።»

ቴክላ በዚያ ሰዓት ገደሉ አጠገብ ባለው ቤተ ጸሎት ውስጥ ሻማ እያበራች ነበር። ባሏ ከሰው ተጣልቶ እንደሆነ ስትጠየቅ ጫማዋን እያየች ብዙ ቆየች።

«ከማንም» አለች በመጨረሻ። ፖሊክሴኒ ከመልሱ ይልቅ መቆየቷን ልብ አለች።

ከተረፈው የካሜራ ካርድ የመጨረሻው ፎቶ ወጣ። ቀይ ሰማይ ይታያል፣ ጫፉ ላይ ካፖርት የለበሰ ጥቁር ሰው ቆሟል፣ አንድ እጁ ተዘርግቷል። ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። በካፖርቱ ምክንያት ግን ሰዉ ሁሉ ኦርሳ ናት ብሎ ፈረደ፤ ልጅቷም ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደረች።

ማክሰኞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፖሊክሴኒ ሦስቱንም ገደሉ ላይ ሰበሰበቻቸው።

«ጋሽ ጌራሲሞስ፣ እስቲ እርስዎ ስታማቲስን ይሁኑልኝ። እኔ ጫፉ ላይ እቆማለሁ፤ በስልክዎ ያንሱኝ።»

«ቀልደኛ ነሽ ልጄ» አለና ስልኩን ደቀነ።

«አሁን እንዳዩት አድርገው ወደ ኋላ ይሂዱ።»

ጥቂት እንደተራመደ ጀርባው ከወይራ ዛፍ ጋር ተጋጨ።

«ገደሉ ከፊትዎ ነው» አለች ፖሊክሴኒ። «የጥላ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞራል፤ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ደግሞ ባሕሩ ላይ ነው። ወደ ኋላ ያለ ሰው ወይራ ውስጥ ይገባል እንጂ ገደል አይገባም።»

«እኔ ከሩቅ ነው ያየሁት፤ የእናንተን ፎቶ ምን አውቄ!»

«ደግሞም ቆሞ አልነበረም። ሰውየው ሰማዩ ላይ ጎልቶ እንዲታይ በሆዱ ተኝቶ ነው ያነሳው፤ ሣሩና እሾሁ ለዚህ ነው ደረቱ ላይ የተገኘው። ከዚያ ተነስቶ ጫፉ ድረስ በእግሩ ሄደ። እዚያ ድረስ የሚሄደው የሚያምነው ሰው ሲጠራው ነው።»

«ኦርሳንስ አያምናትም ነበር?»

«ያምናታል። ግን ኦርሳ የምታውቀውን እርስዎ አያውቁም። የጠቆረ ፎቶ ባዶ አይደለም። ካሜራው ፊቱንም ይዞታል፤ ብርሃን አንሶት ነው እንጂ። የእኛ ባለሙያ ዛሬ ብርሃን ጨምሮ አወጣው።»

የታተመውን ፎቶ ለቴክላ ሰጠቻት። ጌራሲሞስ የኦርሳን ካፖርት ለብሶ፣ ፈገግ ብሎ፣ ባሏን በእጁ «ና» ይለዋል።

ጌራሲሞስ ፎቶውን አንዴ አይቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«በድማሚት ዓሣ ሳጠምድ አንድ ጠላቂ ዋናተኛ ሞተብኝ» አለ። «ስታማቲስ ከነጀልባዬ በፎቶ ቀርጾኛል። እስከ ሰኞ እጅህን ስጥ፣ አለዚያ እኔው እናገራለሁ አለኝ። መልኬ አይለይም ብዬ ካፖርቷን ለበስኩ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ ገፋሁት። አበልጄ! ከአንድ ማዕድ በልተን! የከዳኝ እሱ ነው!»

«ሐሙስ ዕለት ሊናገር ተነስቶ ነበር» አለች ቴክላ። «የልጃችን ክርስትና አባት ነው፣ እስከ ሰኞ ታገሰው ብዬ እግሩ ላይ የወደቅኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜም ታረቁ ብዬ የጠራሁህ እኔ። ስጠየቅ ዝም ያልኩት ላንተ ብዬ!»

ፖሊሶቹ ጌራሲሞስን አንስተው ወሰዱት።

ቴክላ ወደ ኦርሳ ዞራ እጇን ያዘች። «ልጄ፣ ይቅር በይኝ።»

ኦርሳ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

«የተጣሉበትን ምክንያት እርስዎ ያውቁ ነበር፣ እትዬ ቴክላ» አለች። «እኔን ፖሊስ ሲወስደኝም በርዎ ላይ ቆመው አይተውኛል።»

ከዚያ ማንንም ሳትጠብቅ፣ እያነከሰች፣ ቁልቁለቱን ብቻዋን ወረደች።