በበዓሉ ቀን የተነካው ኪያቤ

የፋብሪካው የጥራት ተቆጣጣሪ ራግቪር ዱቤ አስራ ሰባተኛው ብረት ለበስ መኪና ሆድ ውስጥ ሞቶ የተገኘው በበዓሉ ማግስት ጠዋት ነው። በሩ ከውጭ በቡሎን ተጠርቋል። ቁስል የለበትም። በግራ እጁ ባትሪ፣ በቀኝ እጁ ጠመኔ እንደጨበጠ ላሜራውን ተደግፎ ተቀምጧል።

ኢንስፔክተር ሱሎቻና ኡይኬ ስትደርስ ጥፋተኛው ከነካቴናው ተዘጋጅቶ ጠበቃት። ሙሽታቅ የሚባል በያጅ ነው። የእሱ የጋዝ ቱቦ በወለሉ ቀዳዳ ወደ መኪናው ገብቷል፤ ቦምቦላው ተከፍቶ አልቋል። ያ ሽታ የሌለው ጋዝ አየሩን ገፍቶ አስወጥቶ ሰውየውን ሳይታወቀው ገድሎታል።

«አስር ሰዓት ላይ ባቡሩ አስራ ስድስቱን መኪኖች ጭኖ ይሄዳል» አለ ሥራ አስኪያጁ ባትናጋር ሰዓቱን እያየ። «ይሄም በዚያው ወደ ወህኒ። ምን የሚያከራክር ነገር አለ?»

«ገና ምንም አልጠየቅሁም እኮ» አለችው።

ነገሩ የሆነው በቪሽዋካርማ በዓል ነው። የሂንዱዎች የእጅ ባለሙያዎች አምላክ በሚከበርበት በዚያ ቀን በእኛ ፋብሪካ ማሽን አይነሳም፣ መዶሻ አይነካም። ካህኑ መሣሪያውን ሁሉ ቀይ ይቀባዋል፤ ከዚያ መሣሪያው ብጫ አበባ ለብሶ እስከ ማግስቱ ያርፋል። እኔ ራሴ ልጅ ሳለሁ ካቻቢቴ ነክቼ የቀመስኩት ጥፊ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ሥርዓቱ ቀትር ላይ አልቆ ሠራተኛው ሲበተን፣ ከሟቹ ሌላ ወደኋላ የቀሩት ሙሽታቅንና ባትናጋርን ጨምሮ ሦስት ሰዎች ብቻ እንደነበሩ የበር ዘበኛው ምሏል።

«ቦምቦላውን ዘግቼ ነው የወጣሁት፣ እትዬ። ወላሂ!» አለ ሙሽታቅ። «በዓሉ የእኛ አይደለም። ጣፋጬን በልቼ፣ ጃኬቴን ወስጄ ቤቴ ገባሁ።»

«ይኸው!» አለ ባትናጋር። «በዚያ ቀን መሣሪያ መንካት የማይፈራ እሱ ብቻ ነው።»

«እርስዎስ ይፈራሉ?»

«እኔ? ብረት ብረት ነው፣ ወይዘሮ።»

ሦስተኛው ካቦው ሃሪሻንካር ናቸው፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው።

«መጀመሪያ ሻይ ጠጪ፣ ልጄ። ፊትሽ ገርጥቷል።»

«ዱቤ በበዓል ቀን መኪና ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?»

«እኔ እንጃ። ልጁ ወታደር ነው። መኪኖቹ የሚሄዱት ወደ ልጁ ክፍለ ጦር ስለሆነ እንቅልፍ አጥቶ ነበር።»

«እርስዎስ ልጅ አለዎት?»

«ቪኖድ። እዚሁ በያጅ ነው። ዘንድሮ ነው የገባው» አሉ፤ ሻይዋን ራሳቸው ጠጡት።

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ሱሎቻና እየዳኸች መኪናው ውስጥ ገባች። የበሩ የውስጥ እጀታ ገና አልተገጠመም። ጣሪያው ራሷን ይነካል፣ ትንፋሿ ፊቷ ላይ ይመለሳል። በወለሉ ብየዳ ላይ በጠመኔ የተከበቡ ቦታዎች አየች፤ በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለ። አስር ቆጠረች። አስራ አንደኛው ክብ ግማሹ ላይ ቆሟል።

ስትወጣ የበሩን ቡሎን አየችው። ቀይ ነክቶታል፤ አንዲት የሩዝ ፍሬም ተጣብቃበታለች። ካህኑን አስጠራች።

«ቀዩን በምን ያዋህዱታል?»

«በቅቤ። ከላዩ ሩዝ እጨምርበታለሁ።»

ከዚያ አበባ የለበሱትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ እያነሳች ታሸት ጀመር። ሠራተኞቹ እየተጠቃቀሱ ሳቁባት። ትልቁ የቡሎን መፍቻ ኪያቤ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉንም መኪናው ፊት ሰበሰበቻቸው። ሙሽታቅ ከነካቴናው ቆሟል፤ የፖሊስ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቀዋል።

«ቡሎኑ ላይ ሩዝ አለ» አለች። «ስለዚህ በሩ የተጠረቀው ካህኑ በቀባው ኪያቤ ነው፤ ከቀትር በኋላ። እዚህ ድረስ ሙሽታቅም ሊሆን ይችላል።»

«አላልኩም ነበር?» አለ ባትናጋር።

«ኪያቤው ግን ሩዝ የለውም። ቅቤም አይሸትም። ግራሶ ነው የሚሸተው። ገዳዩ ከተጠቀመበት በኋላ ጠርጎ፣ ቅቤ ቢያጣ ቀዩን በግራሶ አዋህዶ እንደገና ቀባው። አበባውንም መለሰለት። እርስዎ፣ አቶ ባትናጋር፣ ብረት ብረት ነው ብለዋል፤ ጥለውት ይሄዱ ነበር። ሙሽታቅም እንደዚያው። መሣሪያውን ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አንድ ነው። ጋሼ፣ የቀለበት ጣትዎን ያሳዩኝ። የምንቀባው በእሱ አይደል?»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ጥፍራቸው ሥር ቀይ ግራሶ አለ።

«ስንጥቁ የቪኖድ ሥራ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሳላይ ፈረምኩለት። የአስራ ስድስቱ መኪኖች ስንጥቅ በቀለም ተሸፍኗል፤ ይሄ ግን ገና አልተቀባም። ዱቤ አገኘው። ልጄ ሊታሰር ነው፤ መግቢያ አጣሁ፣ ጨነቀኝ። በሩን ዘግቼበት ቦምቦላውን ከፈትኩት። ኪያቤው ግን በእኔ እጅ ረክሶ እንዲያድር አልቻልኩም።»

«አይ ጋሼ!» አለ ሙሽታቅ፤ እንባው መጣ። «እኔስ? እኔ ልታሰርልዎ ኖሯል?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ኪያቤው መለሱ።

«በሩ ሲዘጋ ዱቤ ምን አለ?» ጠየቀች ሱሎቻና።

«ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ‹ሃሪ፣ ቀልዱ ይብቃህ› አለኝ። ከዚያ ዝም አለ።»

«ዝም አላለም። ቀልዱን ጨርሰው እስኪከፍቱለት ስንጥቁን በጠመኔ እየከበበ ሥራውን ቀጠለ። ይግቡና ክቦቹን ይዩ።»

ሽማግሌው ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄዱና ፊታቸውን አዞሩ። ፖሊሶቹ ይዘው ወሰዷቸው።

«ባቡሩስ?» አለ ባትናጋር።

«አይንቀሳቀስም። የአስራ ስድስቱም ቀለም ይፋቅ።»

ሙሽታቅ ካቴናው ሲፈታለት እጁን አሻሸ። ቤቱ ይሮጣል ብለው ሲጠብቁት የሟቹን ጠመኔ እንድትሰጠው ሱሎቻናን ለመናት፤ ሰጠችው። ብረት ለበሱ መኪና በር ላይ ሲደርስ ዞር አለ።

«በሩን ይያዙልኝ፣ እትዬ።»

ገብቶ ግማሽ የቀረውን ክብ እስኪዘጋው ድረስ፣ ኢንስፔክተሯ በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆመች።