ቁራው በእግሩ ተሰቅሎ

«ስድስት መቶ ሰባ አምስት እጥፍ ያጎላል!» ራምዚ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? ዝም ብለሽ ይሄን ውሰጂ።»

ናጃህ ቀና ብላም አላየችው። የአጎቷ ልጅ ለአረፋ ከአዲስ አበባ በመጣ ቁጥር ቡታጅራን ሊያስተምር የተላከ ይመስለዋል። ትናንት ነጭ ጫማው በባጃጅ አቧራ ቆሸሸ ብሎ ግማሽ ቀን ሲነጫነጭ የዋለ ልጅ፣ ዛሬ የሰማይ ሊቅ ሆኗል።

አባቱ፣ አጎቷ ከድሮ፣ መርካቶ ውስጥ መነጽርና ሰዓት ይሸጣል። ናጃህ ስምንተኛ ክፍልን ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ሆና ስታልፍ «ለአረፋ ቴሌስኮፕ ይዤልሽ እመጣለሁ» ብሏት ነበር። ቃሉን አከበረ፤ እንዲያውም ሁለት አምጥቶ ግቢው ውስጥ ጠረጴዛው አጠገብ ደረደራቸው። አንዱን ትመርጣለች፤ ሌላው ነገ ጠዋት ወደ ሱቁ ይመለሳል።

አንደኛው ረጅምና ብርማ፣ ባለ ሦስት እግር ነው። ካርቶኑ ላይ ሳተርን ከነቀለበቷ ታበራለች። ሁለተኛው አጭርና ወፍራም ጥቁር ነገር ነው። እግር እንኳ የለውም፤ እንደ ድስት ጠረጴዛ ላይ ጉብ ብሏል። አፉ ግን ሰፊ ነው፤ ከውስጡ ትንሽ ሳህን የሚያክል ክብ መስታወት ያበራል።

መስታወቱን ስታይ ፈቲሀ ትዝ አለቻትና ተናደደች። ፈቲሀ የክፍሏ ልጅ ናት፤ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ሽፋን የሌለው አሮጌ መጽሐፍ አቅፋ የምትዞር። ባለፈው ሳምንት በሳይንስ ክበብ ስብሰባ ላይ ናጃህ ስለሚመጣላት ቴሌስኮፕ ስታወራ፣ ይቺው ልጅ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አወጣች።

«ርዝመቱን አትዪ፤ የመስታወቱን ስፋት እዪ። ብርሃኑን የሚሰበስበው እሱ ነው። ደግሞ ገልብጦ ቢያሳይሽ እንዳትደነግጪ። ለኮከብ ምንም አይደል።»

«ገልብጦ?» አለች ናጃህ። «አንቺ በጭንቅላትሽ ቆመሽ ነው እንዴ ኮከብ የምታዪው?»

ልጆቹ አውካኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የፈቲሀ ስም «ግልብጧ» ሆኖ ቀረ። ስሙን ያወጣችው ናጃህ ናት፤ ኮርታበትም ነበር።

«እስኪ ወደ ተራራው አነጣጥረን እንሞክራቸው» አለ ከድሮ። ከከተማው በላይ፣ በዘቢዳር ተራራ አናት ላይ፣ እንደ ክር የቀጠነ አንቴና ይታያል።

እናቷ አሚኔ ከኩሽና በር ላይ ጮኸች። «ወደ ፀሐይ እንዳታዞሩት! ዓይናችሁ ይጠፋል! ከድሮ፣ አንተም ከልጅ ጋር ልጅ አትሁን!»

ራምዚ ረጅሙን ቀድሞ ያዘ። «አየሁት! … አቦ አትነካኩት!»

ማንም አልነካውም። ቀጫጭን እግሮቹ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ይንቀጠቀጣሉ። ተራዋ ሲደርስ ናጃህ ያየችው ግራጫ ጭጋግ ነው፤ አንድ ጥቁር መስመር በጭጋጉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይዘላል።

«ትልቅ ነው አይደል?» አለ ራምዚ።

«አዎ፣ ትልቅ ጭጋግ።»

ወደ አጭሩ ዞረች። ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ወደ ተራራው አነጣጠረችውና ዓይኗን አስጠጋችበት። አንቴናው ቁልጭ ብሎ መጣ፤ ብረቱ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከአንዱ ብረት ላይ ቁራ ነበር። እግሩ ከላይ፣ ራሱ ከታች።

ራምዚ ገፋ አድርጓት አየና በሳቅ ፈነዳ። «ተገልብጧል! አባዬ፣ ፎርጅድ ነው የሸጡልህ!»

ከድሮም አንገቱን አጣሞ አየ። ፊቱ ተቀየረ። «ፋብሪካው ስቷል። ይሄንን እመልስላቸዋለሁ። አንቺ ረጅሙን ውሰጂ፤ የክፍልሽ ልጆች ካርቶኑን ሲያዩ አፋቸውን ነው የሚከፍቱት።»

እውነቱን ነው። ሰኞ ክበቡ ሲሰበሰብ ረጅሙን ይዛ ብትገባ፣ ጭጋጉን ማንም ልብ አይልም። አጭሩን ይዛ ከገባች ግን መጀመሪያ የሚያዩት የተገለበጠ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉም ዞረው ፈቲሀን ያያሉ። ቀጥለው ናጃህን።

ራምዚ አሁንም ሆዱን ይዞ ይስቃል። ምን እንደሆነ የማያውቀው ነገር ላይ እንዲህ ይስቃል። ናጃህ ሳቁን ጠላችው። እንዲህ ያለውን ሳቅ የት እንደሰማችው ታውቃለች።

«አልተበላሸም» አለች። «ለኮከብ የተሠራ ነው፤ ገልብጦ ነው የሚያሳየው።»

«ማን አለሽ?»

«የክፍሌ ልጅ።»

«የቡታጅራ ፕሮፌሰር! ስሟ ማን ይባላል?»

ቅጽል ስሙ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። «ፈቲሀ።»

አጭሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ በሁለት እጇ አቀፈችው። «አጎቴ፣ ይሄን መርጫለሁ። እማ፣ ገበያው ጀርባ ፈቲሀ ቤት ደርሼ መጣሁ።»

«ይሄን ድስት ይዘሽ መንገድ ልትወጪ?» አለ ራምዚ። «ሼም ነው!»

«አንተ ጫማህን ጠብቅ» አለችው።

በመንገድ ላይ ልትናገር ያሰበችውን ደጋግማ አጠናችው። እጇ ስላልተመቻት የፈቲሀን በር በእግሯ መታች። ፈቲሀ ከፈተች። መጀመሪያ ናጃህን፣ ቀጥላ የታቀፈችውን አየችና በሩን አጋማሹ ላይ ያዘችው።

«ደግሞ ልትስቂብኝ ነው?»

ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

«እግር የለውም» አለች ናጃህ። «እናንተ ጋ ጠረጴዛ አለ?»