ዋሱ ሲጠራ

ዓምደሚካኤል ዝንጅብሉን እያገላበጠ ሻጩን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ሻጩ ሽማግሌው ኤርካሎ ነው። ኪንዶ ተራራ ላይ ሸፍቶ ጣሊያንን ለሚወጋው ለሰብስቤ ወሬ የሚያቀብለው እሱ ነበር። በዱር ባሉት አርበኞች ዘንድ የዓምደሚካኤል የምስጢር ስም «ብራና» ነው። ሶዶ ከተማ ግን የሚያውቀው የጣሊያኑ ካፒቴን ንግግር ጸሐፊ፣ ባንዳ ብሎ ነው።

«ካፒቴኑ ለሽፍቶች የሚያውጀው ምሕረት ወጥመድ ነው» አለ ብራና ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መትረየሱን ከገበያው መጋዘን ጀርባ ደብቀውታል።»

«የሰብስቤ ሰው ተርቧል፣ ልጄ። ዋስ ከተጠራ እጁን ሊሰጥ ይገባል።»

«አይጠራም። ከንግግሩ አወጣዋለሁ።»

ካፒቴኑ ዘንድ ወንበር የሚሰጠው ለአማካሪው ለቢያድግልኝ ብቻ ነው። ፈረንሳይኛ ያውቃላ! ብራና የምሕረቱን ንግግር እንደ ወትሮው ቆሞ አነበበ። ቢያድግልኝም በስውር የሰብስቤ ሰው ነበር። እስከዚያች ጠዋት ድረስ።

ያለ ዋስ የተነገረ ምሕረትን የዚህ አገር ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ዋስ ይጻፍበት አለ ቢያድግልኝ።

ብራና ክው አለ።

ዋስ የሚጠራው የተጠረጠረ ነው፣ መንግሥት ዋስ ጥራ ተብሎ ያውቃል ወይ፣ ይህ ጌታዬን ማዋረድ ነው ሲል ተከራከረ። ካፒቴኑ ክብር ይወዳል። መስመሩን ሊሰርዝ ብዕሩን አነሳ።

ቢያድግልኝ ሳቅ አለ።

«ይኼ ጸሐፊ ወግ ያበዛል። ዋስ ይግባበት፣ ጌታዬ። ዋሱም ዝንጅብል ሻጩ ኤርካሎ ይሁን፤ ሽፍቶቹ ያምኑታል።»

ሸጣቸው።

ብራናን ግን አላጋለጠም፤ ቢያጋልጠው የራሱም ጉድ ይወጣል። ካፒቴኑ ሽማግሌው እንቢ ቢልስ ብሎ ጠየቀ። ጠመንጃ ከጀርባው ቆሞ ማን እንቢ ይላል፣ አለ ቢያድግልኝ።

«ጻፍ» አለ ካፒቴኑ።

ብራና ጻፈ።

በገበያው ቀን ኤርካሎን በወታደር አጅበው ከሰዉ ፊት አቆሙት። የሰብስቤ መልእክተኛ በቅሎውን ይዞ ገበያተኛ መስሏል፤ ጓዶቹ ከወንዙ ማዶ ቃሉን ይጠብቃሉ። ዋስ በገዛ አፉ «ነኝ» ካለ ይገባሉ። ከገቡ ያልቃሉ።

ብራና አነበበ። እያንዳንዷን ቃል።

«ዋሱ ኤርካሎ ነው። ኤርካሎ፣ ዋስ ነህ?»



ሽማግሌው ብራናን ትክ ብሎ አየው።

«አይደለሁም።»

መልእክተኛው በቅሎውን አዞረ።

ኤርካሎን የጣለው ተኩስ ወዲያው ተሰማ።

ይህን ዋስ ማን አመጣው ተባለ። ቢያድግልኝን እየጎተቱ ሲወስዱት በፈረንሳይኛ ይለምን ነበር። የሰማው የለም።

ለሳምንቱ ገበያ ካፒቴኑ ስለ ኤርካሎ መገደል ሌላ ንግግር አዘዘ። ብራና «አንድ ሽማግሌ» ብሎ ጽፎ ነበር። ካፒቴኑ «ሽፍታ በል» ብሎ ሰረዘበት። ብራና ተከራከረ፤ አልሆነም። ያንኑ ንግግር ገበያው ላይ ቆሞ አነበበው።

ከመድረኩ ሲወርድ የኤርካሎ ልጅ አሳየሽ ጠበቀችው። ፊቱ ላይ ተፋችበት።

«አባቴን በስሙ ጠርተህ አስገደልከው» አለች። «ባንዳ።»

ሰዉ እያየ ነው። ከሚያየውም መሀል የማን ጆሮ እንዳለ አይታወቅም።

ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገና አንገቱን ደፍቶ፣ ወደ ዲምቱ መንደር ከሚመለሰው ገበያተኛ ጋር ተደባለቀ።