የመሐላው ቁርበት

በዘመራ መንግሥት ጨረቃ ደም መስላ የወጣች ዕለት ጠንቋዮቹ «ንዳድ የሚሉት ጋኔን መጥቷል፤ ይሄዳል፣ ይመለሳል» ብለው ተነበዩ። ትንቢት መናገር ቀላል ነው፤ ተራራ መውጣት ለሌላ ሰው ይተርፋል።

የተረፈው ለወጣቷ የጦር አበጋዝ ለኪዳሬ ነበር። ከጋሻ ጃግሬዋ ከጎርሞና ከባለመድኃኒቷ ከእትዬ ሶርን ጋር የኤልጋድን ተራራ ወጥታ፣ የሚጠብቀውን ዘንዶ ገድላ፣ ንዳድን የሚያበርደውን ቅጠል አመጣች።

በንዳድ ታመው የነበሩት ንጉሥ ጠጥተው ተነሡ። በአገሩ ወግ ከሕመም የተነሣ ሁሉ አባቶች በማሉበት ቁርበት ላይ አድሮ ያመሰግናል፤ ንጉሡም አደሩ። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳቱ አገረሸባቸው። ቅጠሉ እየመነመነ፣ በሽተኛው እየበዛ ሄደ። ኪዳሬ እጅግ ደከማት፤ ዘንዶውን ደግማ መግደል በቀለላት ነበር።

«ልጄ፣» አሏት እትዬ ሶርን፣ «በዚህ ቁርበት ላይ የማያድሩት የወንዝ ማዶ ሰዎች አልታመሙም። ስፌቱን ብገልጠው መዥገር ሞልቶታል። የተኛውን ነክሶ ተመልሶ ይሸሸጋል።»

ንጉሡ ይህን ሲሰሙ ከአልጋቸው ቀና ብለው ተቆጡ። «የአባቶቼን መሐላ በመዥገር ታረክሳላችሁ? ማስረጃ አምጡ!»

ጎርሞ ወደ ፊት ወጣ። «ንጉሥ ሆይ፣ ንዳድ ነክቶኝ አያውቅም። እኔ ልደርበት፤ ከታመምሁ ያን ጊዜ ይመኑ።»

«አይሆንም!» አለች ኪዳሬ።

«ተዪኝ እቴ። ተኝቶ መዋጋት የማን ዕድል ነው?»

አደረበት። ጠዋት ትከሻው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ታየች፤ ሲነከስ እንኳ አልተሰማውም። ከሳምንት በኋላ ብርድ ብርድ አለው፤ ቀጥሎ ነደደ። የቀረው ቅጠል ለአንድ ሰው ብቻ የሚበቃ ነበር። ኪዳሬ አፍልታ ወደ ጎርሞ ይዛ ስትመጣ ጽዋውን በእጁ ገፋው።

«ለንጉሡ ስጪ። ቁርበቱን ማስቃጠል የሚችል ሌላ ሰው የለም።»

ለመነችው፤ ተቆጣችው፤ እምቢ አለ። ልቧ እየተሰበረ ለንጉሡ አጠጣች። ንጉሡ በተነሡ ማግስት ጎርሞ ሞተ፤ ቁርበቱም በአደባባይ ነደደ።

«ድሉ ያንቺ ነው፤» አሏት ንጉሡ አንገታቸውን ደፍተው። «ሹመት ጠይቂ።»

«ሹመቱ ይቆየኝ። ቁርበቱ የነበረበት አዳራሽ ግድግዳው ስንጥቁ ይመረግ፤ መዥገሩ እዚያም ይደበቃል። ጎርሞን እኔ ልቅበረው።»

ከቀብሩ ስትመለስ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ስፌት እየገለጠች ፈተሸች። አለቀሰች፤ ፍተሻውን ግን አላቋረጠችም።