የጉዴ ጨው ብስኩት

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ውሸት ከሆነ የምጋግረው ሁሉ ይረር፣ የምጥደው ሁሉ ይገንፍል። ድመቷ ጋ ስትደርሱ «አሁንስ ቀደደ!» እንደምትሉ አውቃለሁ። በሉ፣ ግድ የለኝም።

ጉዴ የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ገና ዳዴ ስትል ጫማው ውስጥ እንቁላል አስቀምጣ ስለጠበቀችው «ጉዴን እዩልኝ!» አለ፤ በዚያው ቀረ። አሁን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ተንኮሏም አብሯት አድጓል።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ትሪ ብስኩት ጋገረች። አንደኛው ለክፍል ጓደኞቿ ነው፤ ቅቤው ከስኳር ጋር ነጭ እስኪሆን የተመታ፣ እንከን የማይወጣለት። ሁለተኛው ለታላቅ ወንድሟ ነው። ቤት ውስጥ ጎተራ ነው የሚሉት፤ የቱንም ያህል ቢከቱበት አይሞላምና። ትሪ ከምድጃ ሲወጣ ከሽታው ቀድሞ የእሱ እጅ ይደርሳል። ስለዚህ ጉዴ በሁለተኛው ሊጥ ውስጥ በስኳሩ ፋንታ ጨው ሞጀረችበት። ክፋቱ፣ ሲበስል ከደጉ ብስኩት ይልቅ እሱ አማረ።

መጀመሪያ የቀመሰችው ድመቷ ናት። ወለሉ ላይ የወደቀች ፍርፋሪ ላስ አደረገችና በመስኮት ወጣች፤ ከመስኮቱ ወደ ውኃ ታንከሩ፣ ከታንከሩ ወደ ጣሪያው። አልወርድም ብላ እራቷን በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ ነው ያቀበሏት።

ጉዴ ሳቋን አፍና ጎተራን ስትጠብቅ በሩ ተከፈተ። የገባው ግን አባቷ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ መሪ ሲያዞር ውሎ አንጀቱ ታጥፏል። ሳይቀመጥ ከክፉው ትሪ አንዱን አነሳ።

«አባዬ፣ እሱን እንኳ...»

ጎረሰው። አኘከ፣ ዋጠ፣ ሌላ አነሳ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ጉዴ። እንዴት ይጣፍጣል!»

ጉዴ ሳቋን ለቀቀችው። ነቅቶብኛል፣ መልሶ ሊሸውደኝ ነው አለች በልቧ። አባቷ ግን ሦስተኛውን አነሳ። ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት የለም፤ ደክሞት የሚበላ ሰው ፊት ነው። ፀጉሯን ዳበስ አድርጎ ወጣ።

ለማረጋገጥ አንዱን ገመጠች። ምላሷ ተኮማተረ፤ ሮጣ ቧንቧው ስር ተፋችው።

ያኔ ሁሉም ነገር ተገጣጠመላት። እናቷ ነርስ ናት፣ እሁድ ጠዋት ተረኛ ነች፤ ስለዚህ የእሁዱን የዶሮ ሾርባ የሚሠራው አባቷ ነው። ማንኪያው ላይ ያለችውን ጠብታ በእጁ ጀርባ ላይ ያንጠባጥባል፣ ይልሳል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ከዚያ «ገና» ወይም «በቃ» ይላል። በቅርቡ ከባድ ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ግን ሾርባው አንዴ ጨው ብቻ፣ አንዴ ውኃ ብቻ ሆኗል። ጎተራ «አባዬ፣ ይሄ ሾርባ ነው ባሕር?» ሲል ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው እሷ ነበረች። አባቷም አብሮ ስቋል። «እጄ ከበደ» ብሎ። ለካ ጣዕም የጠፋው ከምላሱ ነው።

ነገ ደግሞ አጎቷ ከነቤተሰቡ ይመጣል። «ሾርባህ ነው እግሬን የሚጎትተው» ብሎ በስልክ ሲናገር ሁሉም ሰምቷል።

«አባዬ ይጣፍጣል ያለው ብስኩት የታለ?» ጎተራ ደረሰ።

ጉዴ ክፉውን ትሪ ወደ ቆሻሻ መጣያው ገለበጠችው።

«አብደሻል እንዴ! ለምን ትጥይዋለሽ?»

«አሯል።»

«የቱ ጋ? ወርቅ መስሏል እኮ!»

«አሯል አልኩህ፣ አንተ ልጅ!»

በዕድሜዋ ካቀናበረችው ቀልድ ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር፤ ዋጠችው። ጎተራ ግን ከትሪው ጠርዝ ላይ ተጣብቆ የቀረውን አንዱን ነጥቆ ወደ ክፍሉ ሮጠ። ጩኸቱን ጠበቀች። አልመጣም።

በማግስቱ አባቷ ሽርጡን አስሮ ድስቱ ላይ ቆመ። ጠብታዋን እጁ ጀርባ ላይ አንጠባጠበ፣ ላሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ሲከፍት በአንድ እጁ የቆነጠረው ጨው አየር ላይ ቀረ። ይጨምር? ይተው? ጉዴ አባቷን በመንገድ ላይ እንዲህ ሲያመነታ አይታው አታውቅም፤ ያን ሁሉ ሰው አሳፍሮ ጠባብ ድልድይ እንኳ ሲያልፍ።

አጠገቡ ቆማ እጇን ዘረጋች፤ ጀርባውን ወደ ላይ።

«ለኔ አድርግልኝ። ሾርባ ልማር ነው።»

«አንቺ? ለተንኮል ካልሆነ ኩሽና ምን ያስገባሽና?»

«ዛሬ ተንኮል የለም፣ አባዬ። የትናንቱ ይበቃኛል።»

አባቷ ትኩር ብሎ አያት። «ብስኩቱ...» አለ በዝግታ። «ምን ነበረበት?»

«ጨው።»

አባቷ ወደ ድስቱ ዞረ። ከዚያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ጉዴ የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች። እየሳቀ ነበር።

«ሦስት በላሁ እኮ!»

«እሱን ለማንም አልናገርም። ለእማዬ ግን አንተ ትነግራታለህ።»

«ማታ» አለ። «እንግዶቹ ሲሄዱ።»

ማንኪያውን ዘቅዘቅ አድርጎ እጇ ላይ አንጠባጠበላት። ላሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«ገና» አለች። ጨመረ። «ገና።» ጨመረ። «በቃ።»

እንግዶቹ መጡ፣ ምሳ ቀረበ። ሾርባው ልክ ነበር፤ አጎትየው ሁለተኛ ሳህን ሲቀበል «ይሄ እጅ ይባረክ!» አለ። አባትየው «እጅ አንድ ብቻ አይደለም» ብሎ ወደ ጉዴ ዞር አለ።

እንግዲህ ካስገደዳችሁኝ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ድመቷን አይደለም፤ እሷ እውነት ናት። ሾርባው ልክ አልነበረም፤ ጀማሪ ምላስ ፈርታ ጨው አጉድላበታለች። ግን ማንም ጨው አላነሳም፤ አጎትየው ጠረጴዛውን በዓይኑ ፈልጎ ፈልጎ ተወው። የጨው ዕቃዋን ጎተራ ጠረጴዛው ስር፣ ጉልበቶቹ መሀል ጥብቅ አድርጎ ይዟት ነበር።