የክሪኩ ነጭ ካርድ

ሟቹ ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከመሰላል ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። በየሰው ቤት ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣውን ዕቃ እየተቀበለ ለሚፈልገው የሚያከራይ ድረ ገጽ ከመሠረተ ሁለት ዓመቱ ነበር፤ መሰላሉም የአንዱ ቤት ትርፍ ዕቃ ነው።

አብሮ አደጉ የዕቃ ቤት ኃላፊ፣ ጠዋት በሩን ሲከፍት እንዳገኘው፣ ከመሰላሉ ወድቆ መሆን እንዳለበት እያለቀሰ ተናገረ። መርማሪዋ ጣቷን እርከኖቹ ላይ አሳረፈች። አቧራቸው አልተነካም። ሳይወጣ የሚወድቅ ሰው ደግሞ እድሜዋን ሙሉ አላጋጠማትም።

የሟቹ እህት የዕቃዎቹን ፎቶ እያነሳች ድረ ገጹ ላይ ትለጥፋለች፤ ፕሮግራሙን የሠራው ባሏ ነው። ባልየው ትናንት ከሟቹ ጋር መጣላቱን አልካደም። ከእነሱ በተከራየ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አንዲት ሕፃን ተቃጥላ ሆስፒታል ተኝታለች። ሟቹ ዛሬ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ሁሉንም ሊናገር፣ ድረ ገጹንም ሊዘጋ ቆርጦ ነበር፤ ባልየው ደግሞ ልፋቴን ገደል አትክተት ብሎ ጮኾበታል።

እህትየው ከጠዋት ጀምሮ ባሏን ቀና ብላ አላየችውም። መርማሪዋን ወደ ጎን ጠራቻት።

«እውነቱን ይንገሩኝ። ወንድሜን የገደለው ባሌ ነው?»

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ሥራችሁን አስረጂኝ።»

አስረዳቻት። አዲስ በገባ ዕቃ ላይ እሷ ቢጫ ካርድ ታስራለች። ተከራይቶ ሲመለስ ኃላፊው ይፈትሸዋል፣ ይወለውለዋል፣ ቢጫውን በጥሶ ነጭ ያስርበታል። ነጩ ካርድ ከእሱ ሽርጥ ኪስ በቀር የትም አይገኝም። መርማሪዋ ይህን ሰምታ መደርደሪያዎቹን ስትዞር ቆየችና እህትየውን፣ ባሏንና ኃላፊውን ሰበሰበቻቸው።

አንድ የመኪና ክሪክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ስንቴ እንደተከራየ ባልየውን ጠየቀችው፤ ስልኩን ከፍቶ ፈለገ።

«አንድም ቀን አልተከራየም። ፎቶውም ላይ ያለው ቢጫ ካርድ ነው።»

«ታዲያ ጎረቤቶቹ ሁሉ አቧራ ለብሰው ይሄን ብቻ ማን ወለወለው? ነጭ ካርድስ ማን አሰረበት?» አለች ወደ ኃላፊው ዞራ። «ቢጫውን ደም ነካብህ። ያለ ካርድ ብትመልሰው ያስታውቃል፤ አጠብክና እጅህ የለመደውን አሰርክ። መሰላሉንም አስጠጋህ። ሕፃኗን ያቃጠለው ማሞቂያ ላይም ነጭ አስረህበታል፤ ሳትፈትሸው። ሟቹ ዛሬ የሚናገረው ያንን ነበር።»

ኃላፊው ሽርጡን ፈትቶ አጣጠፈው።

«ለመንኩት» አለ። «አንድ ቀን ቸኮልኩ፣ ለዚህ እስር ቤት ልግባ? አልኩት። እምቢ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ክሪኩ አጠገቤ ነበር።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። እህትየው ያኔ ነው ባሏን ቀና ብላ ያየችው። እጁን ልትይዘው ስትል ቀስ ብሎ ሳበው።

«እኔ ነኝ ብለሽ ነበር፣ አይደል?»

ባልየው ወንድሟ እንደፈለገው ድረ ገጹን ዘጋና ጃኬቱን አንስቶ ብቻውን ወጣ።